የሶሻል ወርክ ተማሪን ከሐኪም፣ ከነርስና ከፋርማሲስት ጋር እንዲሠራ ማዘጋጀት፦ ለሀዋሳ የመስክ ሥልጠና ተቆጣጣሪዎች

የመስክ ልምምድ ሲደርስ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች የትብብር ደብዳቤ ይዘው ሆስፒታል በር ላይ ይቆማሉ። ደብዳቤው "አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው" ይላል። ቀጥሎ የሚሆነውን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ተማሪው ዋርድ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሐኪሙ ማን እንደሆነ አያውቅም። ነርሷ የነጻ ሕክምና ወረቀት እንዲያስጨርስ ትልከዋለች። በመጨረሻ ፎርሙ ይፈረምለታል፣ ነጥብ ይሞላለታል፣ ይወጣል። ከሌላ ሙያ ጋር መሥራት ተማረ ወይ? አልተማረም። አጠገባቸው ቆሞ ከረመ እንጂ።

ይህ መመሪያ ሀዋሳ ላይ እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ለምታሰማሩ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ነው። ዋናው ሐሳቤ አንድ ነው። ተማሪው ቡድኑ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ሌላው የሌለውን መረጃ ይዞ ሲመጣ፣ ያንንም ቡድኑ ሊሰማው በሚችል አጭር አነጋገር ሲያቀርብ ነው። ሁለቱም ችሎታዎች በልምምድ ይመጣሉ። ልምምዱ ደግሞ መጀመር ያለበት ተማሪው ዋርድ ከመግባቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ፦ ሐኪሙ ለምን እንደማያውቃችሁ እወቁ

ተማሪዎች ሆስፒታል ገብተው ችላ ሲባሉ ንቀት ይመስላቸዋል። አንዳንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ካለማየት የመጣ ነው።

ሶሻል ወርክ ሆስፒታል ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1905 ቦስተን ባለው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሪቻርድ ካቦት የተባለ ሐኪም በተመላላሽ ክፍሉ ሶሻል ወርከር እንዲሠራ አደረገ። ድሃ ታካሚን "ዕረፍት አድርግ፣ ጥሩ ብላ" ብሎ መሸኘት ትርጉም እንደሌለው አይቶ ነበር። ካቦት ታካሚው ወዴት እንደሚመለስ የሚነግረው ሰው ያስፈልገው ነበር።

የእኛ አገር ታሪክ ግን መሐሉ ተቆርጧል። የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ዘመን ተዘጋ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ ያውም በማስተርስ ደረጃ። እንግዲህ አስቡት፤ ዛሬ ሲኒየር ሆኖ ራውንድ (ታካሚዎችን በየአልጋው እየዞሩ ማየት) የሚመራው ሐኪም ተማሪ ሳለ ዋርድ ውስጥ ሶሻል ወርከር ላያይ ይችላል። ያላየውን ሰው እንዴት ይጥራው?

በሌላ በኩል፣ ሙያዎችን አቀላቅሎ ማሠልጠን ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ተማሪዎችን ጤና ጣቢያ ላይ በቡድን ያሠለጥን ነበር። ጤና ሳይንስ ኮሌጆቻችን ዛሬም ቲቲፒ የሚሉት የቡድን ሥልጠና የዚያ ልጅ ነው። ሶሻል ወርክ ግን የዚያ ቡድን አባል አልነበረም። አሜሪካም ብትሉ ያው ነው። የጤና ሙያዎች ትምህርት ማኅበራት የጋራ ሥራ ብቃቶችን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት የተቀላቀላቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ይህን ለተማሪዎቻችሁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ንገሯቸው። ችግሩ በእነሱ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላቸው ያደርጋል፤ ቅሬታቸውንም ያበርደዋል።

ደረጃ 1፦ ከደብዳቤው በፊት ከሄድ ነርሷ ጋር ተነጋገሩ

ደብዳቤው ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ይጻፋል። ይጻፍ፣ ደንብ ነው። ዋርዱን የምትመራው ግን ሄድ ነርሷ ናት። ተማሪው የት እንደሚቀመጥ፣ ካርድ ማየት መቻል አለመቻሉን፣ ራውንድ ላይ የት እንደሚቆም የምትወስነው እሷ ናት። ከልምምዱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ በአካል ሂዱ። በጠዋት አትሂዱ፤ ሞርኒንግ (የጠዋት የኬዝ ስብሰባ) እና ራውንድ ላይ ነች። ከሰዓት 8 ሰዓት አካባቢ የተሻለ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ገጽ ብቻ ይሁን። አራት ነገር ይኑረው። ተማሪው ምን መሥራት ይችላል፤ ለምሳሌ የቤተሰብ ሁኔታ ማጣራት፣ ከወረዳና ከቀበሌ ጋር መገናኘት፣ የመውጫ ዕቅድ ላይ መሥራት። ምን መሥራት አይችልም፤ ለምሳሌ ክፉ ዜና ብቻውን ማርዳት፣ ካርድ ይዞ መውጣት። ሲያጠፋ ማን ይጠራል፤ የእናንተ ስልክ። በመጨረሻም ዋርዱ ምን ያገኛል። ይህችን አራተኛዋን አትርሱ። "ተማሪ እንድታስተምሩልን" ማለት ሥራ መጨመር ነው። "ዘመድ ጠፍቶባቸው መውጣት ያልቻሉ ታካሚዎቻችሁ ላይ እንሠራለን" ስትሉ ግን ሰው ጆሮ ይሰጣል።

የሆስፒታሉን ሊያዘን ኦፊስም አትዝለሉ። ሪፈራልና አልጋ እዚያ ነው የሚያልፈው። ተማሪዎቻችሁ የመጀመሪያውን ቀን እዚያ ቢውሉ ሆስፒታሉ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይገባቸዋል።

በነገራችን ላይ፣ ነጭ ጋውን። ተማሪዎች ይወዱታል። እኔ አልመክርም። ነጭ ጋውን የለበሰን ሰው አስታማሚው "ዶክተር፣ ግሉኮሱ አለቀ" እያለ ይጠራዋል፤ ተማሪው ደግሞ ቀስ በቀስ ዶክተር መባሉን ይለምደዋል። ስሙና ሙያው በጉልህ የተጻፈበት ባጅ ይበቃል። ሆስፒታሉ ጋውን ግዴታ ካደረገ ሌላ ቀለም ይሁን።

ደረጃ 2፦ አንድ ታካሚን ከካርድ ክፍል እስከ በር ይከተሉ

"የነርስ ሚና ምንድን ነው?" ብላችሁ ክፍል ውስጥ ብትጠይቁ የመጽሐፍ መልስ ታገኛላችሁ። ይልቁንም በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ታካሚን፣ በፈቃዱ፣ ከካርድ ክፍል ጀምሮ ይከተል። ትሪያጅ፣ ሐኪም፣ ላብራቶሪ፣ ክፍያ፣ ፋርማሲ፣ ካስፈለገም አልጋ። በየደረሰበት ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ እዚህ የሚሠራው ባለሙያ ምን ይወስናል? ለመወሰን ምን መረጃ ያስፈልገዋል? ያጣው መረጃ የቱ ነው?

ሦስተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ፋርማሲስቱ ታካሚው መድኃኒቱን ለምን ሦስት ወር እንዳልወሰደ አያውቅም። ፊዚዮቴራፒስቱ የታካሚው ቤት ደረጃ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ሐኪሙ ለመመለሻ ቀጠሮው የትራንስፖርት ገንዘብ መኖሩን አያውቅም። ተማሪው ይህን ሲያይ የራሱ ሥራ የት እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

ሚናዎች የሚደራረቡበትም አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የሥነ አእምሮ ነርስና ሶሻል ወርከር ሦስቱም "እኔ አማክራለሁ" ይላሉ። እዚህ ላይ ድንበር ለማስመር አትድከሙ። ተማሪው "ይህን ታካሚ ማን ይዞታል? እኔ የትኛውን ልያዝ?" ብሎ መጠየቅ ይልመድ። በቂ ነው።

ደረጃ 3፦ የዋርዱን ቋንቋ ይስሙ

ዋርድ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ግማሹ ምኅጻረ ቃል ነው። ተማሪው ሁሉንም ይወቅ አልልም። ሞርኒንግ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያቀርብ፣ ራውንድ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ኢንተርን፣ ሬዚደንትና ሲኒየር በምን እንደሚለያዩ ይወቅ። ሐኪምን "ዶክተር"፣ ነርስን "ሲስተር" ወይም "ብራዘር" እያለ ይጥራ። ያልገባውን ቃል ጽፎ ይያዝ፣ ከራውንድ በኋላ ይጠይቅ። ራውንድ መሐል "ዲኬኤ ማለት ምንድን ነው?" አይባልም።

ብዙው ትብብር ደግሞ የሚሠራው ስብሰባ ላይ ሳይሆን 4 ሰዓት ላይ ሻይ ሲጠጣ ነው። ተማሪው በዚያ ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ግቢ ውስጥ ከጠፋ ብዙ ያመልጠዋል።

ደረጃ 4፦ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሪፖርት

የሶሻል ወርክ ተማሪ ሲጽፍ ከቅድመ አያት ነው የሚጀምረው። እንዲያ ብለን ነው ያስተማርነው። ራውንድ ላይ ግን ለአንድ ታካሚ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ አጭር አቀራረብ ለብቻው መለማመድ አለበት።

የጤና ባለሙያዎች የሚያውቁት አንድ ቅርጽ አለ፤ ኤስባር ይሉታል። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ላይ የነበረ አሠራር ሲሆን፣ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የጤና ድርጅት ነው ወደ ሆስፒታል ያመጣው። አራት ክፍል አለው፦ አሁን ምን ተፈጠረ፣ ከጀርባው ምን አለ፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ። ለሶሻል ወርክም ልክ ነው። የሚከብደው አራተኛው ነው። ተማሪዎቻችን ችግር በመተንተን ጎበዝ ናቸው፤ "ይህ ይደረግ" ለማለት ግን ያፍራሉ።

ለማስተማሪያ የፈጠርኩትን ኬዝ ልስጣችሁ። የ13 ዓመት ልጅ ነው። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለበት። የሚኖረው ከሀዋሳ ወጣ ባለ ገጠር ቀበሌ ከአያቱ ጋር ነው። እናቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ትሠራለች። ስኳሩ ከመጠን በላይ ወጥቶ፣ ደሙ አሲድ ሆኖ ሲገባ ይህ ሦስተኛው ነው። ካርዱ ላይ "መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም" ተብሎ ተጽፏል።

ያልተለማመደ ተማሪ እንዲህ ያቀርባል፦

"ታካሚው ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው። ቤተሰቡ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ችግር አለበት። እናትና ልጅ ተለያይተው ነው የሚኖሩት፤ ይህም ሥነ ልቦናዊ ጫና ፈጥሮበታል። ሁለንተናዊ ማኅበራዊ ድጋፍ ያስፈልገዋል።"

ሐሰት የለበትም። ሐኪሙ ግን በዚህ ምን ያድርግ? ምንም። ራሱን ነቅንቆ ወደ ቀጣዩ አልጋ ይሄዳል።

የተለማመደው እንዲህ ይላል፦

"ዶክተር፣ አልጋ 6 ያለው ልጅ ኢንሱሊኑን የሚዘለው ረስቶ አይደለም። ቤት ምግብ በሌለ ቀን ሳይበላ ከተወጋ ስኳሩ ይወርዳል ብለው አያቱ ያስቀሩታል። አንዴ ራሱን ስቶባቸው አይተዋል። ምግብ በሌለ ቀን ወይም ልጁ ሲታመም ምን ማድረግ እንዳለባቸው አያውቁም። አያቱ አማርኛ አይሰሙም፤ እስካሁን ትምህርቱ የተሰጠው ለልጁ ብቻ ነው። እባክዎ ከመውጣቱ በፊት እርስዎና ሲስተር በሲዳምኛ አስተርጓሚ አሥር ደቂቃ ስጧቸው። አያቱን 8 ሰዓት ላይ እኔ አመጣቸዋለሁ። የጤና መድኅናቸው ስላልታደሰ ወረዳው ጋር ደውያለሁ።"

ይህ ሐኪሙ የሌለው መረጃ ነው። ሥራውንም ይለውጣል። አያቲቱ ግዴለሽ እንዳልሆኑ፣ ይልቁንም ልጁን ለማዳን ብለው እንደሚያስቀሩት ያሳያል። ስንት ዩኒት ኢንሱሊን መወጋት እንዳለበት መወሰን የሐኪሙ ነው፤ ተማሪው እዚያ ውስጥ አልገባም። የራሱን ድርሻም በሰዓት ቆርጦ ተናግሯል።

ልምምዱን ክፍል ውስጥ በሰዓት አድርጉት። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ቁረጡ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም "ዳራው" ላይ ሳሉ ጊዜው ያልቅባቸዋል። ከዚያ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ እንዲናገሩ አድርጉ፤ ጥያቄው ቀድሞ ምክንያቱ ይከተል። ለውጡ ወዲያው ይታያል።

ደረጃ 5፦ የጋራ የኬዝ ልምምድ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ማዕቀፍ የጋራ ትምህርት ሲል አንድ አዳራሽ ውስጥ አብሮ መቀመጥ ማለቱ አይደለም። ተማሪዎቹ ስለ አንዳቸው ሌላው ሥራ፣ አንዳቸው ከሌላው፣ አብረው እየሠሩ መማር አለባቸው። የሕክምና፣ የነርሲንግና የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን ሰብስቦ በፓወር ፖይንት ስለ ትብብር ሌክቸር መስጠት ያን አያመጣም።

የሚሠራው አንዱ መንገድ ይኸውና። ስምንት ተማሪ ሰብስቡ፦ ሁለት ሶሻል ወርክ፣ ሁለት ሕክምና፣ ሁለት ነርሲንግ፣ አንድ ፋርማሲ፣ አንድ ደግሞ ከሥነ ምግብ ወይም ከሥነ አእምሮ። አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። ፕሮግራም ማጣጣሙ ራስ ምታት ነው፤ የሕክምና ተማሪዎች ሮቴሽን ከሌላው ጋር አይገጥምም። ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ሻይና ሳምቡሳ ካለ ደግሞ ኢንተርንም ይመጣል። ቀልድ አይደለም፣ በጀት ያዙለት።

የዚያኑ የ13 ዓመት ልጅ ኬዝ አራት ቦታ ቆራርጣችሁ ለየሙያው የተለያየ ወረቀት ስጡ። የሕክምናው ወረቀት ሦስተኛ ጊዜ መግባቱንና የላብራቶሪ ውጤቱን ይይዛል። የነርሲንጉ፣ ልጁ ራሱን እንደሚወጋ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚወጋም ቆዳው እንደጠጠረ ይናገራል፤ የጠጠረ ቦታ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን በደንብ አይሠራም። የፋርማሲው ወረቀት ኢንሱሊኑን በየወሩ እንዳልወሰደና ቤት ፍሪጅ እንደሌለ ይይዛል። የሶሻል ወርኩ ደግሞ የአያቲቱን ስጋት፣ የእናቲቱን ፈረቃ፣ ያልታደሰውን መድኅን፣ እንዲሁም ከጎረቤት ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መኖራቸውን።

ሕጉ አንድ ነው። ወረቀት መለዋወጥ አይቻልም። በአፍ መንገር፣ በአፍ መጠየቅ ብቻ። በ40 ደቂቃ ሁሉም የሚፈርሙበት አንድ ገጽ የመውጫ ዕቅድ ይጽፋሉ።

ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የሕክምና ተማሪው እስክሪብቶውን ያነሳና መጻፍ ይጀምራል። ማንም አልመረጠውም። ሌሎቹ ይነግሩታል፣ እሱ ይመርጣል። ሶሻል ወርክ ተማሪዎቹ "ማኅበራዊ" የሚል ርዕስ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ርዕሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ሰዓት ያልቃል። አታቋርጧቸው። ይሁን።

20ኛው ደቂቃ ላይ አዲስ ወረቀት ጣል አድርጉ፦ "አልጋው ለሌላ ልጅ ተፈልጓል። 9 ሰዓት ላይ መውጣት አለበት።" አሁን ቡድኑ መምረጥ አለበት። የግድ ዛሬ የሚሠራው የቱ ነው? ነገ በስልክ የሚሆነውስ? ጥሩ ቡድን እዚህ ላይ አያቲቱን ማስተማርና የመወጊያ ቦታ መለዋወጥን ዛሬ ያደርጋል፤ መድኅኑን ለነገ ያሳድራል። የኢንሱሊኑ ማስቀመጫም ይነሳል። ፍሪጅ በሌለበት ውኃ የሚያቀዘቅዝ የሸክላ እንስራ ይረዳል፤ ፋርማሲስቱ እንዴት እንደሚደረግ ያውቃል፣ እንስራው ቤት መኖሩን ግን የሚያውቀው ሶሻል ወርከሩ ነው። ምግቡም እንዲሁ። ታትሞ የመጣ የአመጋገብ ወረቀት ላይ ቆጮ የለም። የሲዳማ ገጠር ልጅ ደግሞ የሚበላው እሱን ነው። ይህን የሚያነሳ ተማሪ ካለ እሰየው በሉ።

ከዚያ የሚቀረው ጊዜ ለውይይት ነው። እኔ ከጠቅላላው ልምምድ ይበልጥ የምወደው ይህን ነው። የምትጠይቁት ስለ ኬዙ አይደለም። "እስክሪብቶውን ማን ያዘ? እንዴት?" "ወረቀታችሁ ላይ ኖሮ ያልተነገረ መረጃ የቱ ነው? ለምን አልተናገርክም?" "ማን ማንን ጠየቀ?" መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል። ቀጥሎ አንዷ "እኔ ሞክሬ ነበር፣ አልሰማችሁኝም" ትላለች። እዚያ ላይ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው። ሕክምና ተማሪው ላይ እንዳይረባረቡበት ግን ተጠንቀቁ። እሱም ኃላፊነቱ በሙሉ የእሱ እንደሆነ እየተነገረው ነው የተማረው።

ከተቻለ ሌላ ቀን ወረቀት አቀያይራችሁ ድገሙት። ሶሻል ወርክ ተማሪዋ የነርሲንጉን ወረቀት ትያዝ። ነርሷ በአንድ ሽፍት ስንት ታካሚ እንደምትይዝ ስታስበው "ለምን አታናግራቸውም?" ማለቷን ትተዋለች።

ደረጃ 6፦ አለመስማማትን መለማመድ

ልጆቻችን ለትልቅ ሰው መታዘዝን ተምረው ነው ያደጉት። ጥሩ ነገር ነው። ሐኪም ሲቆጣ ግን ሁለት ነገር ያደርጋሉ፦ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ውጭ ወጥተው ያማሉ። ሁለቱም ታካሚውን አይረዱም። ስለዚህ በሚና ጨዋታ አለማምዷቸው። ሐኪሙን እናንተው ሁኑና ጠንከር በሉ።

"ዛሬ ይውጣ። አልጋ የለኝም።"

"ገባኝ፣ ዶክተር። አልጋው እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቀኛል?"

"9 ሰዓት።"

"እሺ። እስከዚያ አያቱን አስመጣቸዋለሁ። እሳቸው ሳይማሩ ከወጣ ግን ምግብ በሌለ ቀን ያው ነው የሚሆነው፤ ለአራተኛ ጊዜ እንዳይመለስ እሰጋለሁ። 8 ሰዓት ላይ ሲስተር ብትረዳኝ ይበቃል።"

ልብ በሉ። ተማሪው የሐኪሙን ጭንቀት አልካደም፤ አልጋ የሚጠብቅ ሌላ ልጅ በእርግጥ አለ። የሚፈራውንም ሳይሸፋፍን ተናገረ። ይህ ካልሠራ መንገዱ አስቀድሞ ይታወቅ፦ ሄድ ነርስ፣ ከዚያ የመስክ ሱፐርቫይዘር። ተማሪው በራሱ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተር አይሮጥ።

ደረጃ 7፦ ምን ይነገራል፣ ምን አይነገርም

ታካሚ ለሶሻል ወርክ ተማሪ ለሐኪም የማይነግረውን ይነግራል። ተማሪው ይህን ሁሉ ራውንድ ላይ ካፈሰሰው እምነት ጠፋ። ምንም ካልነገረ ደግሞ ቡድኑ ውስጥ ምን ይሠራል? መለኪያው ቀላል ነው፦ ይህ ባለሙያ ይህን ባያውቅ ሥራው ይበላሻል? የልጁ እናት ከባሏ በድብደባ ተለያይታ ከሆነ ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ልጁን ማን እንደሚንከባከበው ነው፤ ድብደባውን ራውንድ ላይ በስምንት ሰው ፊት ማንሳት አያስፈልግም። ታካሚውንም አስቀድሞ "ይህን ለሐኪሙ ብነግረው ምን ይመስልሃል?" ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሁን። ራስን የማጥፋት ሐሳብና በልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃት ግን ምስጢር ሆነው አይያዙም። በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘር ይነገራሉ።

ካርድ ላይ ሲጻፍ አጭር፣ ቀን ያለው፣ "ተማሪ" የሚል ፊርማ ያለበት፣ ሱፐርቫይዘር ያየው ይሁን። "እናትየዋ ግድ የላትም" አይጻፍም። "እናት በዚህ ሳምንት አልመጣችም፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ እንደሆነች አያት ተናግረዋል" ይጻፋል።

ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸውን የሚያስተናግዱ ዋን ስቶፕ ማዕከላት ሐኪምን፣ ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግንና የማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያን ስለሚያገናኙ ለማስተማሪያ የሚያጓጉ ናቸው። እኔ ግን ተማሪ እዚያ ቃለ መጠይቅ እንዲያደርግ አልፈቅድም። ማዕከሉ የተፈጠረው ተጎጂዋ ታሪኳን ደጋግማ እንዳትናገር ነው። ባለሙያዎቹ እንዴት እንደሚቀባበሉ ከሠራተኞቹ ይስሙ፣ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ከሆስፒታሉ በር ውጭ

ሀዋሳ ላይ የሚታከመው የሀዋሳ ሰው ብቻ አይደለም። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከዲላ፣ ከሻሸመኔ፣ ከወላይታም ይመጣል። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጌዴኦኛ፣ ኦሮምኛ በአንድ ዋርድ ይሰማል። ተማሪው የየትኛው ቋንቋ ተናጋሪ የት እንዳለ ይመዝግብ፦ የትኛዋ ነርስ፣ የትኛው ራነር (ተላላኪ)፣ የትኛው ጥበቃ። ሕፃኑን ለራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይሆንም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አሠራርን ጠንቅቆ ይወቅ። ደብተሩ መቼ ይታደሳል፣ ሪፈራል ሳይያዝ ሲመጣ ምን ይከተላል፣ መክፈል ለማይችል የድሃ ድሃ ምዝገባው የት ነው። ወረቀት ማስጨረስ ሥራችን አይደለም የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ነው፣ ሥራችን ነው። ግን ወረቀቱ የአንድ ትልቅ ዕቅድ አካል ሲሆን ነው ሶሻል ወርክ የሚባለው።

የቤተሰብ ውሳኔ ሲኖር ደግሞ የሚወስነው አልጋው አጠገብ ያለው አስታማሚ ላይሆን ይችላል። እግር ለመቁረጥ የሚፈርመው ሰው አገር ቤት ያለ አጎት ወይም የጎሳ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። በሲዳማ ነገር በሶንጎ (በሽማግሌዎች ሸንጎ) ተቀምጦ፣ ሁሉም ተሰምቶ ነው የሚቆረጠው። ሐኪሙ "ዛሬ አዎ ወይም አይ በሉኝ" ሲል ቤተሰቡ ዝም ካለ እምቢ ማለቱ አይደለም። ተማሪው ማን መጠራት እንዳለበት አጣርቶ፣ ሽማግሌው የሚመጣበትንና ሐኪሙ የሚገኝበትን ሰዓት ካገናኘ ትልቅ ሥራ ሠራ። ጸበል እንሂድ ለሚል ቤተሰብም ክርክር አይጠቅምም፤ "መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀጠሮው በዚህ ቀን ነው" የሚል ንግግር ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ማዘጋጀት ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ግምገማ

የሰዓት ፎርም ይሞላ፣ ዩኒቨርሲቲው ይጠይቃል። ለእውነተኛው ግምገማ ግን ሄድ ነርሷን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ይህ ልጅ ባይኖር ኖሮ ዋርዱ ውስጥ ምን ይጎድል ነበር?" አንድ ታካሚ ጠቅሳ ከመለሰች ተሳክቷል። "ጨዋ ልጅ ነው" ካለች አልተሳካም።

ተማሪውም ሁለት ታካሚ መርጦ፣ በእሱ መረጃ ምክንያት የሌላ ባለሙያ ውሳኔ እንዴት እንደተለወጠ፣ ወይም ለምን እንዳልተለወጠ ይጻፍ። ያልተለወጠው አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ከሌለው ሁለት ሱፐርቫይዘር መድቡ። አንዱ ዋርዱ ውስጥ ያለ ነርስ ወይም የጤና መኮንን ሆኖ የዕለት ሥራውን ይይዛል። ሌላው ከትምህርት ክፍሉ የሚሄድ ሶሻል ወርከር ሆኖ በሳምንት አንዴ ይገኛል። ሁለቱ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ ይገናኙ፣ በስልክም ቢሆን። ካልተገናኙ ተማሪው ሁለት ጌታ ያገለግላል።

በመጨረሻው ሳምንት እያንዳንዱ ቡድን ለሚቀጥለው ዙር ተማሪዎች አንድ ገጽ ማስረከቢያ ይጻፍ። ራውንድ በስንት ሰዓት ይጀመራል፣ ሄድ ነርሷን መቼ ማግኘት ይቻላል፣ የየትኛው ወረዳ የመድኅን ቢሮ ስልክ ያነሳል፣ ሲዳምኛና ወላይትኛ የሚያስተረጉም ማን አለ፣ የትኛው ታካሚ ክትትል ይፈልጋል። የታካሚ ስም በገጹ ላይ አይግባ፤ የካርድ ቁጥሩ በሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ይቀመጥ።